ራስ ደጀን ወይስ ራስ ዳሸን? የተራራ ስም ከየት ይመጣል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር ነው የምኖረው። እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ዙሪያ ያሉትን ኮረብታዎች እንወጣለን። ጥር ላይ ደግሞ ሰሜን ተራሮች ልንሄድ አስበናል። ታዲያ ገና ሳንነሳ ጭቅጭቅ ገባን። ግማሾቻችን «ራስ ዳሸን» እንላለን፣ ግማሾቻችን «ራስ ደጀን»። ትክክሉ የቱ ነው? ትርጉሙስ ምንድን ነው? የምናልፍባቸው ሌሎች ተራሮች ስማቸውን ከየት እንዳገኙስ እንዴት ማወቅ እንችላለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ አጭር ነው። ትክክሉ ደጀን ነው። ዳሸን ከውጭ ካርታ ተመልሶ የመጣ አነባበብ ነው። የመጨረሻው ጥያቄህ ግን ረዘም ያለ ጨዋታ ይፈልጋል። እኔም አጥብቄ የምወደው እሱን ስለሆነ ታገሠኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዳሸን እንዴት እንደመጣ ልንገርህ። ራስ ደጀን ላይ መውጣታቸውን ጽፈው ካስቀመጡ አውሮፓውያን መካከል የመጀመሪያዎቹ ፌሬ እና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው። ጊዜው 1841 ነው። ከእነሱ በኋላ ጀርመኑም ጣሊያኑም እንግሊዙም መጣ። «ደጀን» የሚለውን ቃል በአንድ ዓይነት የሚጽፉበት የጋራ ሆሄ አልነበራቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጆሮው እንደያዘለት በራሱ ሆሄ ጻፈው። በጣሊያን ካርታ ላይ «ዳሻን» ተብሎ የሚነበብ ስም ሰፈረ። እንግሊዝኛው «ዳሸን» አለው። በኋላ እኛው የውጭውን ካርታ ገልጠን ስናነብ የራሳችንን ተራራ በእንግዳ አጠራር ጠራነው። ከዚያ ባንኩ መጣ፤ እዚሁ ጎንደር ላይ ደግሞ የቢራ ፋብሪካው። ስሙ በየመንገዱ ተለጠፈ፣ በየሰው አፍ ገባ። ባንኩም ቢራውም የተመዘገቡበት ስም ዳሸን ነው፤ እነሱን እንደዚያው ጥሯቸው። ተራራውን ግን ደጀን በሉት።

ይህ በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልህ። ከደባርቅ አልፈህ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከመግባትህ በፊት ወልከፊት አለ። በ1941 የጣሊያን ጦር እጁን እስኪሰጥ ድረስ ለወራት ምሽግ ይዞ የተዋጋበት በር ነው። ጣሊያኖች «ከ»ን የጻፉባቸው ሁለት ሆሄያት እንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ ሲደርሱ «ች» ሆነው ይነበባሉ። በዚህ የተነሳ ዛሬም «ወልቼፊት» የሚል የውጭ ሰው ታገኛለህ። ቦታው እዚያው ነው፤ የተንሸራተተው ፊደሉ ነው። ስለዚህ የተራራ ስም ስታጠና የመጀመሪያው ሥራ ስሙን ወደ አገሩ አፍ መመለስ ነው። ካርታ ላይ ያነበብከውን ሳይሆን እዚያ የተወለደ ሰው የሚለውን ይዘህ ጀምር። የተሳሳተ ስም ይዘህ የቱንም ያህል ብትመረምር ትርጉም አታገኝለትም።

አሁን ወደ ትርጉሙ። በውጭ አገር የጉዞ መጻሕፍት ላይ «በንጉሡ ፊት የሚዋጋ የጦር አዛዥ» የሚል ፍቺ ታገኛለህ። እኔ አልቀበለውም። ምክንያቴን ስማኝ። ደጀን በአማርኛ ከኋላ ያለ፣ የሚደግፍ፣ የሚመከትበት ኃይል ነው። ደጀን ጦር የምንለው ከኋላ ሆኖ ግንባሩን የሚያግዘውን ነው። ፊት የሚዋጋው ደጀን አይባልም። «ራስ» ደግሞ እዚህ ላይ የሹመት ስም አይመስለኝም። ከደባርቅ ተነስተህ ፓርኩ ውስጥ ስትገባ ቡይት ራስን ታያለህ። ትንሽ ስትሄድ አምባራስ የሚባል ሰፈር አለ። እነዚህ ሁሉ ሹመኞች አይደሉም። በአገሩ አነጋገር ራስ የመሬት አናት ነው፤ መሬቱ ወጥቶ ወጥቶ የሚያበቃበት ከፍታ። ስለዚህ እኔ ራስ ደጀንን «የደጀኑ አናት» ብዬ አነበዋለሁ። ይህን ንባብ መሬቱ ላይ ቆመህ ስታየው የበለጠ ይገባሃል። ከጎንደር ወይም ከደባርቅ በኩል ስትመጣ መጀመሪያ ሳንቃበርን፣ ከዚያ ጨነቅን፣ ከዚያ ቧሂትን ታልፋለህ። ቧሂት ላይ ወጥተህ ወደ ምሥራቅ ስታይ ከሥርህ የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ ተከፍቷል። ከሸለቆው ማዶ፣ ከሁሉም ኋላ የቆመው ደጀን ነው።

ስለ ከፍታውም ጭቅጭቅ እንዳይነሳባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው 4,620 ሜትር ብለን ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ገደማ አውርደውታል። ቁጥሩ ቢቀንስም በኢትዮጵያ የሚበልጠው የለም።

ዋናውን ነገር አሁን ልንገርህ። የተራራ ስም የሚያወጣው በጥቅሉ ጫፉ ላይ የሚወጣ ሰው አይደለም። ከሥሩ የሚኖር፣ በጎኑ የሚያልፍ፣ ከብት የሚያሰማራበት ሰው ነው። ስለዚህ ስሙ የሚለጠፈው ጥቅም ባለበት ቦታ ላይ ነው፤ በሩ ላይ፣ ምንጩ ላይ፣ ግጦሹ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ። ጫፉ ብዙ ጊዜ ስም የሚያገኘው ከሌላው ተውሶ ነው።

አንድ ጊዜ አምባራስ አካባቢ ከአንድ አረጋዊ ገበሬ ጋር አፋፍ ላይ ተቀምጠን ስናወራ «አባቴ፣ ያ ተራራ ስሙ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የቱ?» አሉኝ።

«ያ፣ ፊት ለፊታችን ያለው።»

ዱላቸውን አነሱና እያመለከቱ ይዘረዝሩልኝ ጀመር። በስተግራ ያለው እርከን ሣር የሚታጨድበት ነው፤ ስም አለው። መሐል ላይ የምትታየው ጥቁር ስንጥቅ በጋ ከክረምት ውሃ አይጠፋባትም፤ ስም አላት። ቀጥሎ ያለው ቁልቁለት በአያታቸው ዘመን በቅሎ ገደል የገባችበት ነው፤ ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዋሻ እረኛ ዝናብ የሚያስጠልልበት ነው፤ እሱም ስም አለው። እኔ አንድ ተራራ ብዬ ያየሁት ለእሳቸው አንድ ሙሉ ቀበሌ ነበር። «ጫፉስ?» ብላቸው «ጫፉማ ጫፉ ነው፤ ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል?» አሉኝ።

እንግዲህ ካርታ ሠሪ መጥቶ «ይህ ተራራ ማን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ ምን እንደሚሆን አስበው። መላሹ ከእነዚያ ስሞች አንዱን ይሰጠዋል። የምንጩ ወይም የግጦሹ ስም የጫፉ ስም ሆኖ ይታተማል። በሌላ ወገን ያለው የቆላ ሰው ደግሞ ያንኑ ተራራ ከታች ወደ ላይ እያየ በሌላ ስም ሊጠራው ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ስም ስትጽፍ «ከየት በኩል?» የሚለውን አብረህ መጻፍ ያለብህ።

ይህን ከያዝህ ብዙ ስሞች ይፈቱልሃል። ሳንቃበርን ውሰድ። ሳንቃ እና በር። ጎንደር ተቀምጠህ ስትሰማው የቤት በር ይመስልሃል። እዚያ ስትደርስ ግን መሬቱ እየጠበበ እየጠበበ ይሄድና አንዲት ቀጭን ሸንተረር ላይ ትቆማለህ። በግራህ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል ነው፤ በቀኝህ ሸለቆ ነው። ከብትም፣ ጭነትም፣ ጦርም በዚያች ብቻ ነው የሚያልፈው። በር የሚለው ቃል በአገራችን የተራራ ስም ውስጥ ሲመጣ ይህን ዓይነት መተላለፊያ ማለት ነው። በሩን የያዘ መንገዱን ያዘ። ወልከፊት ላይ ጦር ለወራት የተጋደለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ጆሮ የሚወደው ግን መሬቱ የማይመሰክርለት ፍቺ አለ። ጨነቅ ስትደርሱ «ቢያስጨንቅ ነው ጨነቅ ያሉት» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ገደሉን ስታይ ማመን ያምርሃል። ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ገደል የሌለው ቦታ የት አለ? ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ፍቺ ለአንዱ ማስረጃ አይሆንም። ቃልን እየቆራረጡ ትርጉም ማውጣት እኛ አገር የተወደደ ጨዋታ ነው፤ እኔም ሲጫወቱት ደስ ብሎኝ እሰማለሁ። ጎንደር ራሷ ስንት ዓይነት ፍቺ ተሰጥቷታል! የነገሥታቱ መናገሻ በ«ገ» ፊደል የሚጀምር ቦታ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበረ፣ ጉዛራም ጎርጎራም በዚሁ ተሞከሩ፣ በመጨረሻ ፋሲል ጎንደርን በ1636 አገኘ ይባላል። ይህ አባቶቻችን ለስም ምን ያህል ዋጋ ይሰጡ እንደነበር የሚያሳይ ውብ ታሪክ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን አይነግርህም።

እዚሁ ከተማው ዙሪያ የምትወጧቸውን ኮረብታዎች ተመልከት። ቁስቋም ሄዳችኋል መቼም። እቴጌ ምንትዋብ ከ1730 ወዲህ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን የሠሩበት ነው። ስሙ ግን የጎንደር አይደለም። ቁስቋም በግብፅ ያለ ተራራ ነው፤ ቅዱስ ቤተሰብ ከሄሮድስ ሸሽተው ያረፉበት። እቴጌይቱ ያንን ስም አምጥተው እዚህ ተከሉት። ሙሉ ስሙ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ደብር ደግሞ በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። ዛሬ ደብር ስንል ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ እናስባለን። የጥንት ገዳማት ተራራ እየመረጡ ስለተቀመጡ ነው ቃሉ ከተራራው ወደ ገዳሙ የተሻገረው። ደብረ ታቦርም እንዲሁ ነው፤ ታቦር የገሊላ ተራራ ነው። ጎርጎራ ያለው ደብረ ሲና ስሙን ከማን እንደወሰደ መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ጎንደር አካባቢ «ደብረ» ብሎ የሚጀምር ስም ስታገኝ የአካባቢውን ገበሬ ስለ ትርጉሙ አታድክመው። ስሙ ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ልትጠይቀው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ «ቤተ ክርስቲያኑ ከመተከሉ በፊት ቦታው ማን ይባል ነበር?» ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ከቅዱሱ ስም ሥር ሌላ የቆየ ስም ተኝቷል።

ጎሃ ኮረብታም ከጎህ ጋር የሚያያዝ ነው፤ ጎህ ሲቀድ የምንለው። ይህን አልፈዋለሁ፤ እናንተ ከእኔ በላይ ትወጡበታላችሁ።

ስለ አምባ ግን ትንሽ ልቆይ። አምባ ማለት አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። እንዲህ ያለው ቅርጽ የመጣው ከጥንት እሳተ ገሞራ ነው። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ተደራርቦ የሠራቸው ናቸው። ጠንካራው ንብርብር ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል፤ ለስላሳው ከሥሩ በውሃ እየተበላ ይሄዳል። የሚቀረው ገደል ለብሶ የቆመ ሜዳ ነው። መውጫው አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ለመጠበቅ ይመቻል። ስለዚህ አምባ መሸሸጊያ ሆነ፣ ገዳም ሆነ፣ እስር ቤትም ሆነ። በጎንደር ዘመን የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩት ወህኒ በሚባለው አምባ ላይ ነበር። ዛሬ «ወህኒ ወረደ» ስንል የዚያን አምባ ስም እየጠራን ነው ይባላል። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ወሎ ያለው ግሸን አምባ ነው። ቃሉ ከጊዜ በኋላ ለሰፈርም ሆነ፤ የሕጻናት አምባ ስንል ገደል አናስብም። አምባ ጊዮርጊስን በመኪና ስታልፍ ግን ስሙን ከመልክዓ ምድሩ ጋር አስተያየው።

ዛፍም ስም ያወጣል። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስትሄድ ኮሶዬ አለ። ኮሶ ደጋ ወዳድ ነው፤ ከ2,300 ሜትር ገደማ በላይ ነው የሚበቅለው። ቀያይ የአበባ ዘለላው እንደ ወይን ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ደርቆ ተፈጭቶ ለኮሶ ትል መድኃኒት ይጠጣ ነበር። ስሙን ብቻ ሰምተህ «ይህ ቦታ ደጋ ነው» ማለት ትችላለህ። ወይራ፣ ጥድ፣ ግራር የሚሉ ስሞችም እንዲሁ ከፍታ ይነግሩሃል። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው ዛፉ ተቆርጦ ስሙ ሲቀር ነው። ባሕር ዛፍ የሞላበት ኮረብታ በወይራ ስም ሲጠራ ብትሰማ ስሙ የቀድሞውን ጫካ ካርታ ይዞልሃል። እኔ ይህን ዓይነት ስም ሳገኝ ቆሜ ዙሪያውን እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ያ ዛፍ አንድ ሁለት ተርፎ አገኘዋለሁ።

ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ የሰው ጥሪ የያዙ ስሞች አሉ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ያለ አፋፍ ነው። «እሜት» ለሴት ወይዘሮ የሚሰጥ የአክብሮት ጥሪ ነው፤ እመቤት ከሚለው ያጠረ። እናትዬም አለች፤ እሷም ከ4,000 ሜትር በላይ ናት። ዋልያ ቀንድ ቅርጹን አይቶ የተሰየመ ነው። ቅዱስ ያሬድ የሚባለው ጫፍ ደግሞ 4,453 ሜትር ነው፤ የዜማው አባት ያሬድ በስተመጨረሻ ወደ ሰሜን ሄዶ እዚያው እንዳረፈ ቤተ ክርስቲያናችን ስለምታስተምር ነው። እዚህ ላይ ፍቺ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ስሙና ታሪኩ አብረው ነው የሚኖሩት።

ሰሜን የሚለው ስም ራሱ ግን የስሞች ሁሉ ቁንጮ ነው። ብዙ ሰው ተራራው በሰሜን አቅጣጫ ስላለ ሰሜን የተባለ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ስሙ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። አዱሊስ በሚባለው ጥንታዊ የቀይ ባሕር ወደብ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድሉን በግሪክኛ አስቀርጾ ነበር። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፉን ገልብጦ አቆየልን። ንጉሡ «ሳሜኔ» ስለሚባሉ ሰዎች ይናገራል። ከወንዙ ማዶ፣ ሊወጡት በሚያስቸግር፣ በረዶ እስከ ጉልበት በሚያሰጥም ተራራ ላይ ይኖራሉ ይላል። ወንዙን ጽሑፉ ዓባይ ቢለውም ተከዜ ነው ብለው ነው ሊቃውንቱ የሚያነቡት። አሁን አስበው። አክሱም ላይ ለተቀመጠ ንጉሥ እነዚህ ተራሮች ያሉት በስተደቡብ ነው። በግዕዝም ሰሜን የሚለው ቃል ቀድሞ ደቡብን ያመለክት ነበር። የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ እየወረደ ሲመጣ ተራሮቹ በስተሰሜን ቀሩ። ተራራው ስሙን ይዞ እዚያው ቆመ፤ ዞሮ የሄደው የቃሉ አቅጣጫ ነው። የታሪክ ሊቃውንት እንዲህ ያስረዱታል፤ እኔንም ያሳምነኛል። ቅድም «ከየት በኩል?» ብለህ ጠይቅ ያልኩህ ለዚህ ነው። የሚያየው ሰው የቆመበት ቦታ ስሙ ውስጥ አለ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁሉንም ስም በአማርኛ ልፍታ አትበል። በዚህ አገር ላይ የአገው ቋንቋዎች ከአማርኛ በፊት ይነገሩ ነበር። ቅማንቶችም ቤተ እስራኤሎችም ከዚያ ወገን የሆነ ቋንቋ ነበራቸው። ቤተ እስራኤሎች በሰሜን አምባዎች ላይ ለዘመናት ኖረዋል፤ እስከ ሱስንዮስ ዘመን ድረስም ከነገሥታቱ ጋር ተዋግተዋል። ወደ ቆላው ስትወርድ ደግሞ አዲ አርቃይ አለ። «ዓዲ» በትግርኛ አገር፣ መንደር ማለት ነው። ወንዝና ተራራ የቆየ ስም አጥብቆ ይይዛል። ሰፋሪው ቢለወጥ፣ ቋንቋው ቢለወጥ፣ የወንዙ ስም ይቀራል። ስለዚህ በአማርኛ አልፈታ ያለህን ስም አጣመህ አማርኛ አታስመስለው። እንደሰማኸው ጻፈውና ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው አሳየው። ደግሞም ይህን በብርቱ እለምንሃለሁ፤ ስምን የርስት ማስረጃ አታድርገው። አንድ ኮረብታ በአገውኛ ወይም በትግርኛ መጠራቱ እዚያ የኖሩ ሰዎች ያወሩበት እንደነበር ይነግርሃል። ዛሬ የማን ነው ለሚለው ጠብ የተራራ ስም መማዘዝ ለስሙም ለሰዉም ደግ አይደለም።

እንዴት ትጠይቅ? ፍቺውን ይዘህ አትሂድ። «አባቴ፣ ይህ ቦታ እንዲህ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው አይደል?» ብትል እንግዳን ላለማሳፈር «አዎ» ይሉሃል። የራስህን ሐሳብ ነው ተመልሰህ የምትሰማው። ይልቅ ስለ ኑሮ ጠይቅ። ከብቱ በጋ የት ይሰማራል? ውሃ ከየት ይቀዳል? ወደ ገበያ በየት በኩል ይወረዳል? መልሱ ውስጥ ስሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። እረኞችን አትናቅ፤ ከሁሉም የበለጠ ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ውሃ የሚቀዱና እንጨት የሚለቅሙ ሴቶችን ጠይቁ፤ ወንዱ የማያውቀው ስንት የምንጭ ስም አለ። ከአንድ ሰው የሰማኸውን በሌላ መንደር ላለ ሰው አሳይ። ሁለቱ ከተለያዩ ሁለቱንም ጻፍ።

ለዚህ ሥራ መጣደፍ የሚገባን ምክንያትም አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ውስጡ ብዙ ሰው ይኖርና ያርስ ነበር። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያውም ጓሳውም እፎይ ማለቱ ደግ ነው። ግን የግጭን እያንዳንዷን ጉብታና ምንጭ በስም የሚጠሩት ሰዎች አሁን ያሉት ከተማ ውስጥ ነው። ልጆቻቸው ከብት አይጠብቁበትም። ስለዚህ ግጭ ካምፕ ከመድረሳችሁ በፊት ደባርቅ ላይ ግማሽ ቀን ቆዩ። የግጭ ሰው ፈልጉ፤ ሻይ ጋብዙ፤ አውሩ። ከዚያ ላይ ስትደርሱ ሣሩና ጅባራው ብቻ ሳይሆን ስሞቹም ይታዩዋችኋል።

ጉዞውን በተመለከተ፣ ጥር ጥሩ ምርጫ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ብርቱ ውርጭ ነው፤ ወፍራም ልብስና የመኝታ ከረጢት ያዙ። ጎንደር ያለችው ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ነው። ደባርቅ ወደ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። በዚህ ቅደም ተከተል እያደራችሁ ውጡ እንጂ በመኪና ጨነቅ ድረስ ሄዳችሁ በማግስቱ 4,430 ሜትር ገደማ የሆነውን ቧሂትን አትድፈሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ እዚያው እረፉ፤ ከባሰ ውረዱ። ጎበዝም ሰነፍም እኩል ነው የሚያመው። ከቧሂት ወደ መሸሃ ስትወርዱ ጉልበት ይፈትናል፤ ያን ሁሉ ወርዳችሁ እንደገና መውጣት አለባችሁ። አምቢቆ በምትባለው መንደር እደሩ፤ ደጀንን ሌሊት ተነስታችሁ ጀምሩት። ስካውት (መሣሪያ ይዞ የሚያጅብ ጠባቂ) እና አስጎብኚ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ስካውቶቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ስም በመጠየቅ ረገድ ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሳምንት አጣሩ፤ ካልሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

እስከዚያው በአንድ ቅዳሜ ኮሶዬ ሂዱ። ደብተር ያዙ፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ስም፣ ማን እንደነገራችሁ፣ ከየት በኩል እያየ እንደነገራችሁ፣ ቦታው ለምን እንደሚያገለግል ጻፉ። ሲሞላ ብትልኩልኝ አብረን እናየዋለን።